የሞባይል ቀፎ ከኦፕሬተር መግዛትና መመለስ፦ ከፊርማ እስከ ተመላሽ ገንዘብ

ከሞባይል ኦፕሬተር ስልክ ስትገዙ የምትገዙት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቀፎው ነው። ሌላው መስመሩ ነው፤ በየወሩ የምትከፍሉበት የጥሪና የኢንተርኔት አገልግሎት ማለት ነው። ሻጩ ሁለቱን ጠቅልሎ በአንድ ዋጋ ያቀርብላችኋል። ችግር ሲመጣ ግን ጥቅሉ ይፈታል። ቀፎውን የሚያየው አንድ ክፍል፣ መስመሩን የሚያየው ሌላ ክፍል ይሆናል። ብዙ ሰው ስልኩን መልሶ፣ ወረቀቱን ይዞ፣ ተገላገልኩ ብሎ ይሄዳል። ወሩ ሲያልቅ ሂሳብ ይመጣበታል። ስልኩ ተመልሷል፤ መስመሩን ግን ማንም አልዘጋውም።

ቀፎ የመመለስ ግማሽ ሥራ የሚያልቀው በተገዛበት ቀን ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ትንሽ እንቆያለን።

1. ከመፈረማችሁ በፊት አስሉ

ኦፕሬተሮች ቀፎ የሚሸጡበት መንገድ ስሙ ይበዛል እንጂ ዓይነቱ ጥቂት ነው። የቆየው ድጎማ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 499 እና 599 ዶላር ነበር። በዓመቱ የመጣው አይፎን 3ጂ ግን ከ2 ዓመት ውል ጋር በ199 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ስልክ መሥራት ድንገት ረክሶ አይደለም። ልዩነቱን ኦፕሬተሩ ለአምራቹ ይከፍልና ከደንበኛው ወርሃዊ ሂሳብ ላይ ቀስ እያለ ይሰበስበዋል። ውል ያፈረሰ ሰው ቅጣት የሚከፍለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የዱቤ ሽያጭ ነው። የስልኩ ዋጋ ለ24 ወይም ለ36 ወር ይከፋፈልና ከአገልግሎቱ ክፍያ ተለይቶ ሂሳቡ ላይ ይጻፋል። ከሁሉም ግልጹ ይሄ ነው። የቀረባችሁን ዕዳ በማንኛውም ቀን ማወቅ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምጠነቀቀው ነው። «ስልኩ በነጻ ነው» ይባላል። ወረቀቱን ስታነቡት ግን ስልኩን በሙሉ ዋጋው በዱቤ ገዝታችኋል፤ ኦፕሬተሩ በየወሩ የዚያኑ ያህል ከሂሳባችሁ ላይ ይቀንስላችኋል። የስልኩ ዋጋ 36,000 ነው እንበል። በ36 ወር ሲከፈል በየወሩ 1,000 ይጻፍባችኋል፣ 1,000 ይቀነስላችኋል። ምንም አልከፈላችሁም። በ12ኛው ወር መስመሩን ለመተው ብትወስኑስ? ቅናሹ ይቆማል፤ ዕዳው ግን አይቆምም። የቀረው 24,000 ይጠየቃል። አንዳንዱ ውል ላይ ወደ ርካሽ ጥቅል መውረድ ብቻ ቅናሹን ያስቀራል።

አራተኛው አሮጌ ስልክ ሰጥቶ በአዲስ መለወጥ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ ጣሪያው ነው፤ ለተመረጡ ሞዴሎች፣ ያውም ጭረት ለሌላቸው። ስልኩን ልካችሁ ከተመረመረ በኋላ ዋጋው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ስክሪኑን አብርታችሁ፣ ጀርባውንና ጠርዙን ጭምር ፎቶ አንሱ። በተባለው ቀን ገደብ ውስጥም ላኩት፤ ካለፈ የተስማማችሁበት ዋጋ ላይጸና ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ስልክ ያለበት ጥቅል በወር 1,500 ቢሆንና ያው ጥቅል ያለ ስልክ 700 ቢሆን፣ ልዩነቱ 800 ነው። በ24 ወር 19,200 ይመጣል። ስልኩ በጥሬ ገንዘብ 17,000 የሚሸጥ ከሆነ «በነጻ» የተባለው ስልክ 2,200 ተጨማሪ አስከፍሏችኋል። ገንዘብ በአንዴ ለሌለው ሰው ይህ መጥፎ ዋጋ ላይሆን ይችላል። አውቆ መግባት ግን ሌላ ነው።

2. ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ

ስለ ካሜራው ለመጠየቅ ትጓጓላችሁ፤ እሱ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን። ለመመለስ ስንት ቀን አለኝ? ቀኑ የሚቆጠረው ከተከፈለበት ነው ወይስ እጄ ከገባበት? ካርቶኑ ከተከፈተ የሚቆረጥ ክፍያ አለ? ስልኩ ለሌላ ኦፕሬተር ሲም የተቆለፈ ነው? ከተቆለፈ መቼ ይከፈታል? ስልኩን ከመለስኩ መስመሩ አብሮ ይሰረዛል ወይስ ለብቻው ነው የማዘጋው?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ሻጭ ይደነባበራል። አይፈረድበትም፤ ሥራው መሸጥ ነው። ደሞዙም ከኮሚሽን ጋር የተያያዘ ነው። ደንበኛው ቶሎ ከመለሰ ወይም መስመሩን ቶሎ ካዘጋ የተከፈለው ኮሚሽን ተመልሶ የሚቆረጥበት አሠራር በዘርፉ የተለመደ ነው። «ትንሽ ተጠቀምበት፣ ትለምደዋለህ» የምትለው ምክር አንዳንዴ ከዚህ ትመነጫለች። የመመለሻውን ቀን የምትቆጥሩት ግን እናንተው ናችሁ።

ከማን እየገዛችሁ እንደሆነም እዩ። የኦፕሬተሩ ቀለምና አርማ የተለጠፈበት ሱቅ ሁሉ የኦፕሬተሩ አይደለም፤ ብዙዎቹ ወኪሎች ናቸው። ቀፎውን የሸጠላችሁ ወኪሉ ከሆነ ተመላሹንም የሚቀበለው እሱ ነው። ኦፕሬተሩ ጋ ብትሄዱ «ከእኛ አልገዙም» ትባላላችሁ። ደረሰኙ አናት ላይ የማን ስም እንዳለ ማየት ይበቃል።

«ዛሬ ብቻ» የሚባል ቅናሽ ካጋጠማችሁ ዝርዝሩን በኢሜይል ወይም በመልእክት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። የማይጻፍ ቅናሽ ኋላ ላይ ማስረጃ የለውም። ከዚያው ጋር የሚሸጥላችሁን ኢንሹራንስም ልብ በሉት። እሱም የራሱ ውል አለው፤ ስልኩ ሲመለስ በራሱ አይሰረዝም።

3. ስልኩ እጃችሁ በገባበት ሰዓት

ካርቶኑን ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ። የተጋነነ ይመስላል። ግን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ከካርቶን ወጥቶ «እናንተ ጥላችሁት ነው» የተባለ ሰው ሌላ መከራከሪያ የለውም።

ከዚያ *#06# ደውሉ። 15 አሃዝ ያለው የአይኤምኢአይ ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች ሞዴሉን ይናገራሉ፣ ቀጣዮቹ 6 የዚያ ቀፎ መለያ ናቸው፣ የመጨረሻው አንድ አሃዝ ቁጥሩ በትክክል መጻፉን ማረጋገጫ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት አይኤምኢአይ አለው። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ፣ ደረሰኙ ላይና ውሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ አሃዝ እንኳ ከተለየ በዚያው ቀን አስተካክሉት። ተመላሽ ስልኮችን የሚቀበለው ክፍል (መላሽ ክፍሉ) ስልኩን የሚያውቀው በስማችሁ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው። ካልገጠመለት «ይሄ እኛ የሸጥነው ስልክ አይደለም» ይላል፤ በአሠራሩ ልክ ነው።

ካርቶኑን፣ ቻርጀሩን፣ የሲም መክፈቻ መርፌዋን፣ ወረቀቶቹን አትጣሉ። ስልኩን ለማቆየት እስክትወስኑ ድረስ የስክሪን ፕላስቲኩንም አትላጡ። በነዚህ ቀናት ውስጥ ደግሞ በደንብ ፈትኑት። ቤታችሁና ሥራ ቦታችሁ ኔትወርክ ይይዛል? ድምፅ ይሰማል? ቻርጅ ሲደረግ ይግላል? የመመለሻ ቀን የተሰጣችሁ ለዚህ ነው፤ የስልክ ከቨር እየመረጡ ለማሳለፍ አይደለም።

4. በየትኛው በር እንደምትገቡ ወስኑ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ስልክ የሚመለስበት በር አንድ አይደለም። ሦስት ነው፤ ሕጉም፣ ወጪውም፣ ውጤቱም ይለያያል።

የመጀመሪያው «ሃሳቤን ቀየርኩ» ነው። ስልኩ ጤነኛ ነው፣ እናንተ ግን አልፈለጋችሁትም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛ ዕቃ እጃችሁ ከገባ በኋላ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ ውሉን መተው ትችላላችሁ። ሻጩም ከነገራችሁት ቀን አንስቶ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መመለስ አለበት፤ ስልኩ እስኪደርሰው ወይም መላካችሁን እስክታስረዱ ግን መያዝ ይችላል። ይህ መብት ሱቅ ገብቶ ለገዛ ሰው አይሠራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ዕቃውን አይታችሁ፣ ነክታችሁ ነው የገዛችሁት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጤነኛ ዕቃ እንዲመለስ ሱቅን የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግ የለም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ከሱቅ የተገዛ ስልክ በዚህ በር የሚመለሰው ኦፕሬተሩ በራሱ ፈቃድ ባወጣው ደንብ ነው። ደንቡ የእሱ ስለሆነ ቅድመ ሁኔታውንም እሱ ያወጣል፦ ካርቶን ይኑር፣ ጭረት አይኑር፣ ለተከፈተ ዕቃ ይህን ያህል ይቆረጣል።

ሁለተኛው በር «ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ተበላሽቷል» ነው። ብዙ ኦፕሬተሮች ለዚህ አጭር የቀን ገደብ አላቸው። በዚያ ውስጥ ከመጣችሁ ጥገና አትላኩም፤ በአዲስ ይቀየርላችኋል። በእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መውሰድ ይቻላል። የተከፈተ ካርቶን ብሎ ገንዘብ መቁረጥ እዚህ በር ላይ ቦታ የለውም፤ ሳይከፍቱ ብልሽቱን ማወቅ አይቻልማ።

ሦስተኛው ዋስትና ነው፤ ጋራንቲ የምንለው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ስልኩ ሲበላሽ የሚገባበት በር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥገና ይቀድማል። የአምራቹ ዋስትና ብዙ ጊዜ 1 ዓመት ነው። ሕግ በሻጩ ላይ የሚጥለው ኃላፊነት ግን ከዚህ ይለያል፤ በአውሮፓ ኅብረት ቢያንስ 2 ዓመት ነው። እዚያ ያለ ሻጭ «አምራቹን አናግሩ» ብሎ ሊሸኛችሁ አይችልም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባትሪው በሦስት ሰዓት የሚያልቅ ስልክ ይዛችሁ ገባችሁ እንበል። «አልተመቸኝም» ካላችሁ ሠራተኛው በመጀመሪያው በር ይመዘግባችኋል። ቀን ይቆጠራል፣ ጭረት ይፈለጋል፣ ክፍያ ይቆረጣል። «ባትሪው ጉድለት አለበት፣ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ነው» ካላችሁ ሁለተኛው በር ይከፈታል። ስልኩ ያው ነው። ብልሽቱን በቪዲዮ፣ የባትሪ ፍጆታውን በስክሪንሾት ይዛችሁ ሂዱ። የሌለ ብልሽት ግን አትፍጠሩ። ስልኩ ይመረመራል፤ «ብልሽት አልተገኘበትም» ተብሎ ከተመለሰላችሁ ቀኑም ያልፍባችኋል።

5. ስልኩን ከማስረከባችሁ በፊት አጽዱት

መጀመሪያ ባክአፕ አድርጉ። የባንክ መተግበሪያዎችንና የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጡትን ወደ ሌላ ስልክ አዙሩ። ይህን የዘነጋ ሰው የራሱ አካውንት በር ላይ ተቆልፎበት ይቀራል። ሲሙንና የሜሞሪ ካርዱን አውጡ። ኢሲም (ስልኩ ውስጥ የተሠራ፣ የማይወጣ ሲም) ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ስልክ ማዛወሩን ከኦፕሬተሩ ጋር ጨርሱ።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ አካውንታችሁን ከስልኩ አውጡ። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ አንድሮይድ ከ2015 ጀምሮ ከሌባ የሚከላከል መቆለፊያ አላቸው። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢሰረዝ እንኳ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልገባበት አይከፈትም። ለሌባ ተብሎ የተሠራው ቁልፍ መላሽ ክፍሉንም ይቆልፍበታል። የተቆለፈ ስልክ ለእነሱ መልሶ የማይሸጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ ወይ መልሰው ይልኩላችኋል ወይ ገንዘቡን ይይዛሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አይፎን ላይ የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን (Find My) አጥፉ፣ አንድሮይድ ላይ ከሴቲንግ ውስጥ የጉግል አካውንቱን አስወግዱ። ከዚያ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ፤ ስልኩን ወደ መጀመሪያው ባዶ ሁኔታው መመለስ ማለት ነው። ስልኩ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አይፎንን ከሌላ መሣሪያ በኢንተርኔት ገብታችሁ ከአካውንታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። በሌሎቹ ላይ እንደማይበራ በጽሑፍ አስመዝግቡ።

6. አስረክቡ ወይም ላኩ

ሱቅ የምትሄዱ ከሆነ አይኤምኢአይው፣ ቀኑና የስልኩ ሁኔታ የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። «ጭረት የለውም» የምትል አንድ መስመር ብዙ ጭቅጭቅ ታድናለች።

በፖስታ ከሆነ መጀመሪያ የመመለሻ ፈቃድ ቁጥር ጠይቁ። ቁጥር የሌለው ካርቶን መጋዘን ውስጥ ባለቤት ያጣል። መከታተያ ቁጥር ባለው መንገድ ላኩ፣ ስትጠቀልሉ አይኤምኢአይው እየታየ ቪዲዮ ቅረጹ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን በፖስታ አይላክም። የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን እንዳይጓጓዝ የተከለከለ ነው፤ ቻርጅ ማድረጉንም አቁሙና ኦፕሬተሩ እንዴት እንደሚረከባችሁ ጠይቁት።

7. ውስጥ ምን እንደሚሆን

ስልኩ መጋዘን ሲደርስ አይኤምኢአይው ይነበባል፣ ከሽያጩ መዝገብ ጋር ይመሳከራል፣ አካውንት እንደሌለበት ይታያል። ቀጥሎ ስክሪኑ፣ ካሜራው፣ ማይኩ፣ ባትሪው በምርመራ ፕሮግራም ይፈተሻል። አብዛኛው ስልክ ውስጥ ውሃ ሲነካው ነጭነቱ ወደ ቀይ የሚለወጥ ትንሽ ምልክት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው በሲም ማስገቢያው በኩል ነው። ቀይ ከሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም። «ውሃ አይገባውም» ተብሎ የተሸጠ ስልክም ቢሆን የፈሳሽ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከዋስትና ውጭ ነው። ይህ ደንበኛን የሚያበሳጭ ነው፤ እኔም አልወደውም፤ ግን ውሉ ውስጥ ተጽፏል። ሳምሰንግ ስልኮች ላይ ደግሞ ዋናው ሶፍትዌር በሌላ ከተቀየረ ኖክስ የሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ተመልሶ የማይጠፋ ምልክት ያስቀምጣል። ስልኩን ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር ብትመልሱትም ይታያል።

ከዚያ ስልኩ እንደ ሁኔታው ደረጃ ይወጣለታል። ጤነኛው ታድሶ በቅናሽ ይሸጣል፤ የተጎዳው ለመለዋወጫ ይፈታል። አንዴ የተከፈተ ስልክ እንደ አዲስ አይሸጥም። ኦፕሬተሩ ስልክ መመለስን የሚያከብደው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ኪሳራ የተነሳ ነው።

8. ገንዘቡንና መስመሩን ተከታተሉ

ተመላሹ በከፈላችሁበት መንገድ ይመጣል። በካርድ ከከፈላችሁ ካርዱ ላይ፣ በዱቤ ከሆነ ደግሞ የዱቤ ውሉ ይሰረዛል። ሂሳብ በወር አንድ ቀን ስለሚወጣ ስረዛው በቀጣዩ ወይም ከዚያ በሚከተለው ወር ላይ ሊታይ ይችላል። እስከዚያው ከባንክ የሚቆረጠውን ክፍያ በንዴት አታቋርጡ። ሥርዓቱ ይህን እንደ ዕዳ ያነበዋል፤ ያልተከፈለበት ስልክ አይኤምኢአይው ጥቁር መዝገብ (ከኔትወርክ የሚታገዱ ስልኮች ዝርዝር) ውስጥ ሊገባ ይችላል። በአንዳንድ ገበያዎች በዱቤ የተሸጡ ስልኮች ክፍያ ሲቋረጥ ከርቀት የሚቆልፍ ፕሮግራም አላቸው።

ከስልኩ ጋር የተሰጣችሁ ስጦታ፣ ለምሳሌ የጆሮ ማዳመጫ፣ አብሮ ካልተመለሰ ዋጋው ይቀነስባችኋል። ለለውጥ የሰጣችሁት አሮጌ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ቀድሞ ተሽጧል። የተገመተበት ዋጋ ነው የሚሰጣችሁ።

አሁን መስመሩ። ለብቻው አዘጉት፤ ማረጋገጫውንም በጽሑፍ ያዙ። ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ኦፕሬተር መሄድ ከፈለጋችሁ ግን አስቀድማችሁ አታዘጉ። ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚዛወረው መስመሩ በሥራ ላይ እያለ ነው። ለማዘጋት ስትደውሉ ወደ ሌላ ሠራተኛ ያዞሯችኋል፤ ሥራው ደንበኛ እንዳይሄድ ማግባባት ነው። ሱቁ ውስጥ ያልነበረ ቅናሽ እሱ ጋ ይገኛል። መስመሩን ልትቀጥሉበት ካሰባችሁ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ካላሰባችሁ «አመሰግናለሁ፣ ይዘጋ» በሉና ማረጋገጫ ቁጥር ጠይቁ።

9. እምቢ ካሉ

ምክንያታቸውን በጽሑፍ ጠይቁ። «ሲስተሙ አይቀበልም» ምክንያት አይደለም፤ የትኛው የውሉ አንቀጽ እንደሆነ ይንገሯችሁ። ቅሬታውን አስመዝግባችሁ የቅሬታ ቁጥር ያዙ። በየደወላችሁበት ቀን ማን ምን እንዳለ በአጭሩ ጻፉ። ሱቁ ካልፈታው ወደ ኦፕሬተሩ ዋና የቅሬታ ክፍል፣ እዚያም ካልሆነ ወደ ቴሌኮም ተቆጣጣሪው ወይም ወደ ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይወሰዳል። ተቆጣጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ከኦፕሬተሩ ጋር መነጋገራችሁን ያረጋግጣሉ፤ ያ ቁጥር እዚህ ላይ ይፈለጋል።

በካርድ የከፈለ ሰው ባንኩን ገንዘቡን እንዲያስመልስለት መጠየቅም ይችላል። ይህን ግን ስልኩን ካስረከባችሁና ማስረጃው በእጃችሁ ካለ በኋላ አድርጉት። ስልኩ እናንተ ጋ እያለ ገንዘቡ ከተመለሰ ኦፕሬተሩ የሚያየው ያልተከፈለበት ስልክ ነው፤ ቀፎውን ከአገልግሎት ውጭ ሊያደርገው፣ ዕዳውንም ለሰብሳቢ ሊያስተላልፍ ይችላል። የርክክብ ወረቀቱን፣ የመከታተያ ቁጥሩንና የመጨረሻውን ሂሳብ ዜሮ እስኪል ድረስ አቆዩ።